በኮቡርግ ጋሻ ላይ ያለው ጥቁር ቅዱስ
ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት የተስተካከለ

የዛሬው ርእሴ የአንዲት ከተማ ዓርማ ነው። ከተማዋ ኮቡርግ ትባላለች፤ በጀርመን አገር፣ በባቫሪያ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኝ፣ አርባ ሺሕ ያህል ነዋሪ ያላት መካከለኛ ከተማ ናት። ዓርማዋ በወርቃማ ጋሻ ላይ የተሣለ የጥቁር ሰው ራስ ነው። ራሱ የቅዱስ ሞሪስ፣ የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ራስ ነው። በየሕዝብ መሥሪያ ቤቱ ይታያል፤ በመንገድ ላይ ባሉ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኖች ላይ ሳይቀር ተቀርጿል። ይህ ዓርማ ይቆይ ወይስ ይነሣ የሚል ክርክር ከተነሣ ቆይቷል። አንዱ ወገን «ጥቁርን ሕዝብ የሚያዋርድ ሥዕል ነውና ይነሣ» ይላል፤ ሌላው «የአባቶቻችን ቅርስ ነውና አትንኩብን» ይላል። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ሁለቱም ወገኖች የከተማ ዓርማ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ መዘንጋታቸውን ነው። ቅዱሱ በጋሻው ላይ ሊቆይ፣ ሥዕሉ ግን ሊለወጥ ይገባዋል፤ ይህም የከተማዋን ዓርማ በምንም አይነካውም። ወደዚህ ለመድረስ በመጀመሪያ ዓርማ እንዴት እንደተወለደ አወሳለሁ፤ ቀጥዬ ይህ ቅዱስ ማን እንደሆነና እንዴት ጥቁር ሆኖ እንደተሣለ፣ ከዚያም በኮቡርግ ምን እንደደረሰበት እናገራለሁ፤ በመጨረሻ የሚነሡትን ተቃውሞዎች እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጋሻ ላይ የሚሣል የዘር ዓርማ በምዕራብ አውሮፓ የተለመደው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፈረሰኛው ከራስ ቁሩ እስከ እግሩ በብረት ሲሸፈን ወዳጅና ጠላት የማይለዩት ሆነ፤ ስለዚህ ማንነቱን ጋሻው ይናገርለት ጀመር። ምልክቱ ከሩቅ፣ በአቧራና በግርግር መካከል መታየት ስለነበረበት የቀለም ሕግ ወጣለት። ወርቅና ብር «ማዕድናት» ተባሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ደግሞ «ቀለማት»። ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይቀመጥም። ቢጫ በነጭ ላይ ወይም ጥቁር በሰማያዊ ላይ ከሩቅ እንደማይለይ የሚያውቅ ሁሉ የሕጉን ምክንያት ይረዳዋል። ከሁሉ ደምቆ ከሚታዩት ጥንዶች አንዱ ጥቁር በወርቅ ላይ ነው፤ የቅድስት ሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት ንስር በወርቅ ጋሻ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ንስር የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ያነሣሁት የኮቡርግን ጋሻ ያየ የዘመናችን ሰው ጥቁረቱን እንደ ነውር ወይም እንደ ጨለማ ምልክት ለማንበብ ስለሚቸኩል ነው። በዓርማ ቋንቋ ጥቁር በወርቅ ላይ መቀመጡ የነውር ምልክት አልነበረም። የኮቡርግ ቅዱስም የንጉሠ ነገሥቱን የቀለም ጥንድ ለብሶ ነው የምናገኘው።

ከተሞች ግን ዓርማቸውን ያገኙት በሌላ መንገድ ነው። የመካከለኛው ዘመን ከተማ ውል ለመዋዋል፣ ገንዘብ ለመበደር፣ ለነጋዴዎቿ የይለፍ ወረቀት ለመስጠት ማኅተም ያስፈልጋት ነበር። የንጉሥ ማኅተም የንጉሡን ምስል ይይዛል፤ የጳጳስ ማኅተም የጳጳሱን። ከተማ ግን ፊት የላትም። ብዙዎቹ ከተሞች ችግሩን የፈቱት የጠባቂ ቅዱሳቸውን ምስል በሰም ላይ በማተም ነው፤ ሌሎች ቅጥራቸውን፣ በራቸውን ወይም መርከባቸውን ቀረጹ። ማኅተሙ ጠባብ ስለሆነ ቅዱሱ ብዙ ጊዜ በሙሉ ቁመናው አይገባም፤ ራሱ ብቻ ይቀራል። ኋላም ከተሞች እንደ መኳንንቱ ጋሻ ይኑረን ሲሉ በማኅተሙ ላይ ያለው ምልክት ወደ ጋሻው ተሻገረ። እንግዲህ በኮቡርግ ጋሻ ላይ ራስ ብቻ የምናየው ማንም ስለ ቆረጠው አይደለም፤ ከማኅተምና ከሳንቲም ጥበት የተነሣ ነው። አንበሳም ንስርም ንጉሥም በብዙ ጋሻዎች ላይ በራሳቸው ብቻ ይወከላሉ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም፤ እውነትም የተሸነፈ ጠላት ራስ የሚታይባቸው ጋሻዎች አሉ፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ቅዱሱ እንለፍ። የሞሪስን ገድል በጽሑፍ ያወረሰን በ5ኛው ክፍለ ዘመን የሊዮን ጳጳስ የነበረው ኤውኬሪዮስ ነው። ገድሉ እንዲህ ይላል፦ በላይኛው ግብጽ ካለችው ከቴቤስ የተመለመለ፣ ሁሉም ክርስቲያን የሆነ አንድ ሌጌዎን ነበር፤ ቁጥራቸው 6,600፣ አዛዣቸውም ሞሪስ። ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚያን በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አልፕስ ተራሮች አዘመታቸውና ክርስቲያን ወገኖቻቸውን እንዲያሳድዱ አዘዛቸው። እንቢ አሉ። ከአሥር አንዱ ይገደል ተባለ፤ ተገደለ። ዳግመኛ እንቢ አሉ፤ ዳግመኛ ከአሥር አንዱ ወደቀ። በመጨረሻ ሁሉም መሣሪያቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን ሰጡ። ቦታው ዛሬ በስዊዘርላንድ ውስጥ በስሙ ሳን ሞሪስ የሚባለው ነው፤ በ515 የቡርጎኝ ንጉሥ ሲጊስሙንድ ያቋቋመው ገዳም እስከ ዛሬ አለ። የታሪክ ሊቃውንት ገድሉ ከሰማዕትነቱ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ መጻፉን እያነሡ የሰራዊቱን ብዛትና ሌላውንም ዝርዝር ይጠራጠራሉ። ለዛሬው ጉዳያችን ይህ ጥርጣሬ እምብዛም አይከብድም፤ የምንጠይቀው በሞሪስ ላይ የደረሰውን ሳይሆን ጀርመኖች ሞሪስን ምን አድርገው እንደተቀበሉት ነውና። የተቀበሉት ደግሞ በትልቅ ክብር ነው። የጀርመን ንጉሥ ታላቁ ኦቶ በ937 በማግደቡርግ ከተማ በስሙ ገዳም አቆመለት፤ ኋላም ዐፅሙን አስመጣ፤ በ968 ማግደቡርግ የሊቀ ጳጳስ መንበር ሆነች። ዛሬ በቪየና ቤተ መዘክር የሚገኘው፣ የነገሥታቱ ሥልጣን ምልክት የነበረው ቅዱስ ጦር በአንድ ዘመን የሞሪስ ጦር ነው ይባል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሮም ሲነግሥ የሚቀባው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሞሪስ መሠዊያ ፊት ነበር። ባጭሩ ሞሪስ የቅድስት ሮማ ግዛት ጦረኛ ቅዱስ ሆነ፤ ለእኛ ጊዮርጊስ የሆነውን ያህል ማለት ይቻላል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ሞሪስ ሲሣል ነጭ ነበር። ለውጡ የመጣው በማግደቡርግ ነው። አሮጌው ካቴድራል በ1207 በእሳት ወደመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲሱ ተጀመረ፤ ከ1240 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ውስጥም ለአዲሱ ካቴድራል የቅዱስ ሞሪስ የድንጋይ ሐውልት ተቀረጸ። ቀራጺው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሐውልቱ የብረት ጥሩር የለበሰ ወታደር ነው፤ የጥሩሩ ቆብ ፊቱን ከቦታል፤ ፊቱም ያለ ጥርጥር የአፍሪቃዊ ፊት ነው። ይህን የምለው ስለ ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ቀለሙ በላዩ ላይ ተቀብቷልና ቢፋቅ እንኳ አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ የጉንጩ አጥንት በድንጋዩ ውስጥ አለ። እግሮቹ ጠፍተዋል፤ በእጁ የነበረውም ጦር የለም። ፊቱ ግን እንዳለ ቆሟል። ቀራጺው የሚሣለቅ አይደለም፤ አያስፈራራም፣ አያስቅም። ከአንድ በሕይወት ካለ ሰው ፊት የተቀዳ እስኪመስል ድረስ የተጠና ነው። በሰሜን አውሮፓ ሥነ ጥበብ ውስጥ ጥቁር አፍሪቃዊ በዚህ ዓይነት ክብር ከዚያ በፊት የተቀረጸበት ሥራ አናውቅም። ለምን በዚያ ጊዜና በዚያ ቦታ እንዲህ ሆነ ለሚለው ጥያቄ ሊቃውንት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። የቴቤስ ጎረቤት የኖባ አገር መሆኑ፣ በመስቀል ጦርነቶች ጊዜ አውሮፓውያን ጥቁር ክርስቲያኖችን ማየታቸው፣ በሲሲሊ በንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ዳግማዊ ቤተ መንግሥት ጥቁር ባለሟሎች መኖራቸው፣ የቅዱሱ የላቲን ስም ጥቁር ሰው ከሚባልበት ቃል ጋር መመሳሰሉ ሁሉ ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መምረጥ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ጥቁሩ ሞሪስ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የግዛቱ ትልቁ ቅዱስ በትልቁ ካቴድራሉ ውስጥ ጥቁር ሆኖ እንዲታይ የወሰነ ሰው ነበረ።

ውሳኔውም ተከታይ አገኘ። በቀጣዮቹ ሦስት መቶ ዓመታት ጥቁሩ ሞሪስ ከማግደቡርግ ተነሥቶ በምሥራቅ ጀርመንና በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ተስፋፋ። በሪጋና በታሊን የውጭ አገር ነጋዴዎች ያልተጋቡ አባሎቻቸውን የሰበሰቡበት «የጥቁር ራሶች» የሚባል ማኅበር ነበራቸው፤ ጠባቂያቸው ሞሪስ፣ ዓርማቸውም የእሱ ራስ ነበር። እነዚህ የመርከብና የገንዘብ ባለቤቶች ነበሩ፤ የሚያፍሩበትን ምልክት በቤታቸው በር ላይ በድንጋይ አያስቀርጹም። በ1520ዎቹ መጀመሪያ ማቲያስ ግሩኔቫልድ ለብራንደንቡርጉ ካርዲናል አልብሬክት በሣለው ሥዕል ሞሪስ በሚያብረቀርቅ የብር ጥሩር ከጳጳሱ ከቅዱስ ኤራስሙስ ጋር ፊት ለፊት እኩል ቆሞ ይነጋገራል፤ ሥዕሉ ዛሬ ሙኒክ ነው። ይህን ሥዕል ያየ ሰው ለዘመኑ ሠዓሊ የጥቁር ሰው ፊት መሣል አይችልም ነበር ብሎ ሊከራከር አይችልም። ይችል ነበር፤ በፈለገ ጊዜም አሳምሮ አደረገው።

ኮቡርግ ቅዱሱን የተቀበለችው በዚሁ ማዕበል ነው። ዋናው ቤተ ክርስቲያኗ በስሙ ይጠራል፤ ራሱም በመካከለኛው ዘመን በማኅተሟ ታየ። ከዚያ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መጣ። ማርቲን ሉተር በ1530 የአውግስቡርግ ጉባኤ ሲካሄድ በሕግ የተወገዘ ስለነበረ ወደዚያ መሄድ አልቻለም፤ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በኮቡርግ ምሽግ ተቀምጦ ወደ ጉባኤው ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ በቅዱስ ሞሪስ ቤተ ክርስቲያንም ሰብኳል። ከተማዋ የሉተርን ትምህርት ተቀበለች፤ የቅዱሳን ምልጃ ቀረ። የቅዱሱ ስም ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ላይ አልተነሣም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ምልክቱ የመጀመሪያ ትርጉሙን፣ ማለትም ጸሎት የሚደረስለትን አማላጅ፣ ካጣ በኋላ እንኳ ኖረ። የከተማዋ መታወቂያ ሆኖ ነበርና። 

ዋናው ፈተና የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኮቡርግ በ1929 የናዚ ፓርቲ በከተማ ምክር ቤት ውስጥ አብላጫ ወንበር የያዘባት የመጀመሪያዋ የጀርመን ከተማ ሆነች፤ ከ25 ወንበሮች 13ቱን ወሰደ። ናዚዎች አገሪቱን በሙሉ ከያዙ በኋላ፣ በ1934፣ የሞሪስ ራስ ከጋሻው ላይ ተነሣ። በቦታው እጀታው ጫፍ ላይ ስዋስቲካ ያለበት ሰይፍ ተተካ። ጥቁር ሰው የንጹሕ ዘር ስብከት ማእከል የሆነችውን ከተማ ሊወክል እንደማይችል ገዥዎቹ በደንብ ገብቷቸዋል። በ1945 አገዛዙ ሲወድቅ ሰይፉ ወረደ፣ ሞሪስ ተመለሰ። የዓርማው ጠበቆች ከሁሉ የሚደገፉት በዚህ ታሪክ ነው፤ «ያነሡት እነማን እንደነበሩ አትርሱ» ይላሉ። ማስረጃው ከባድ ነው፤ ግን ካለው በላይ ሸክም ልንጭንበት አይገባም። አንድን ነገር ክፉ ሰዎች ስለጠሉት ብቻ ነገሩ በሁሉ በኩል መልካም አይሆንም። የ1934ቱ ድርጊት የሚያረጋግጥልን የቅዱሱ በጋሻው ላይ መገኘት ለዘረኞች የማይዋጥ መሆኑን ነው። ከ1945 በኋላ የተመለሰው ሥዕል በደንብ የተሣለ ስለ መሆኑ ግን ምንም አይነግረንም።

ወደዚህ ሥዕል እንምጣ። ዛሬ በኮቡርግ የምናየው ራስ ጎኑን ያሳየ፣ ከንፈሩ ወፍሮ ቀልቶ የተሣለ፣ ጆሮው ላይ ሎቲ ያለው ነው። ከቅድስናው ምልክት አንድም የለበትም፤ ጥሩር የለም፣ ጦር የለም፣ አክሊለ ብርሃን የለም። የሞሪስን ገድል የማያውቅ ሰው ቢያየው ሰማዕት ወታደር መሆኑን ከየት ያውቃል? የሚያስታውሰው በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን የቡናና የቸኮላታ ማሸጊያ ላይ ይለጥፉት የነበረውን የአገልጋይ ምስል ነው። በ2020 ዓርማው ይቀየር የሚል የፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረ፤ ወዲያውም ይቆይ የሚል ሌላ ፊርማ ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ ስለ ሥዕሉ የተናገሩት ልክ ነው። ሁለተኞቹ ስለ ቅዱሱ የተናገሩት ልክ ነው። ክርክሩ የማያልቀው አንዱ ስለ ሥዕል፣ ሌላው ስለ ሰው ስለሚናገር ነው።

ከዓርማ ጥበብ ሕግ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመን እዚህ ጋ ነው። ዓርማ ሥዕል አይደለም፤ ቃል ነው። አንድ ዓርማ በሕግ የሚጸድቀው በቃል ገለጻ ነው፤ ጋሻው ምን ቀለም እንደሆነ፣ በላዩ ምን እንዳለ፣ ወደየት እንደሚመለከት በአጭር ዐረፍተ ነገር ይጻፋል። ያንን ገለጻ ያከበረ ሥዕል ሁሉ የዚያው ዓርማ ሥዕል ነው። አንዱ ሠዓሊ አንበሳውን ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም ቢያደርገው፣ የአንዱ ምላስ ቢረዝም የሌላው ቢያጥር ዓርማው አልተለወጠም። ድጓው አንድ ሆኖ ሳለ መሪጌታው ሲለወጥ ድምፁ እንደሚለወጥ ነው፤ ዜማውን ማንም አጎደልክ አይለውም። ለዚህም ነው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ንስር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ንስር ጋር ምንም ሳይመሳሰል ሁለቱም አንድ ንስር የሚባሉት። እንግዲህ «በወርቃማ ጋሻ ላይ የቅዱስ ሞሪስ ራስ» የሚለው ገለጻ እንዳለ ይቆይና ነገ አንድ ጎበዝ ሠዓሊ የማግደቡርግን ፊት ከነጥሩሩ ቆብ ቢሥልበት ኮቡርግ ዓርማዋን አልቀየረችም። ቅርስ ጠፋ የሚል ሰው ምን እንደጠፋ ሊያሳየን አይችልም። እንዲያውም የተገኘ ነገር አለ፤ ከኮቡርግ ሥዕል ይልቅ በዕድሜ እጅግ የሚበልጠው ፊት ይመለሳል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚሠራ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ ሁለት የሜዲትራኒያን ደሴቶችን እጠቅሳለሁ። የሰርዴኛ ዓርማ በቀይ መስቀል ዙሪያ አራት የጥቁር ሙሮች ራሶች አሉት፤ «ሙር» አውሮፓውያን የሰሜን አፍሪቃን ሙስሊሞች፣ በሰፊውም ጥቁር ሰዎችን የጠሩበት ስም ነው። ምልክቱ ከአራጎን ነገሥታት የመጣ ነው፤ በ1281 በንጉሥ ፔድሮ ሣልሳዊ ማኅተም ላይ ይታያል፤ ትውፊቱም በ1096 በአልኮራዝ ጦርነት የተሸነፉ የአራት ሙር ነገሥታት ራስ ነው ይላል። ይህ እንግዲህ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ዓይነት ነው፤ ጠባቂ ሳይሆን ምርኮ። በአራቱም ራሶች ላይ የጨርቅ ጥምጥም አለ፤ በዘመናት ቅብብል ሥዕሉ ሲገለበጥ ጥምጥሙ ወርዶ ዓይናቸውን ሸፈነው፤ ዐይናቸው የታሰረ እስረኞች መሰሉ። በ1999 የክልሉ ምክር ቤት በሕግ ጥምጥሙን ወደ ግንባራቸው መለሰው። በኮርሲካ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለነፃነት የተዋጋው ፓስኳሌ ፓኦሊ የሙሩን ራስ የደሴቲቱ ዓርማ ሲያደርግ ዓይኑን የሸፈነውን ጨርቅ ወደ ግንባሩ ከፍ አደረገው፤ የሚያይ ሰው ሆነ። አንድ ጣት የሚያህል ጨርቅ ነው የተንቀሳቀሰው፤ ትርጉሙ ግን ከባርነት ወደ ነፃነት ተገለበጠ። ኮርሲካ ግን ዓርማዋን አላጣችም። ከእነዚህ ደሴቶች ሁለት ነገር እንማራለን፦ አንድ ዓይነት ራስ በአንድ ጋሻ ላይ ክብር፣ በሌላው ላይ ውርደት ሊሆን ይችላልና በሁሉም ላይ በጅምላ መፍረድ አይገባም፤ ደግሞም ጥፋቱ ከሥዕሉ ከሆነ የሚታረመውም በሥዕሉ ነው።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልግባ። አንደኛው ከከተማዋ ሰዎች የሚመጣ ነው፦ «እኛ ሞሪስን እንወደዋለን፤ ማንንም ለማዋረድ አስበን አናውቅም፤ ውጭ ያለ ሰው ለምን ይገባበታል?» ፍቅራቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ዓርማ ለባለቤቱ ተብሎ የተሠራ ነገር አይደለም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ጋሻው የተሣለው ለሌላው፣ ለማያውቀው ሰው ነው። ማኅተሙም እንዲሁ ከከተማዋ ውጭ ላለ አበዳሪና ነጋዴ ነበር። ስለዚህ እንግዳ ሰው ዓርማውን አይቶ የሚረዳው ነገር ለጉዳዩ ባዕድ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላው ወገን ነው፦ «ሥዕሉ ቢታረምም ጥቁር ሰውን ጌጥ ማድረግ አይቀርም፤ ብናነሣውና ብንገላገል ምን አለ?» ይህ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የሚናገሩት በቅንነት ነውና። መልሴ ግን የ1934ቱን ውጤት በሌላ መንገድ እንዳንደግመው መጠንቀቅ አለብን የሚል ነው። ሞሪስ ከጋሻው ላይ ቢነሣ ከተማዋ ለዘመናት ጥቁር ሰውን ጠባቂዬ ብላ የኖረችበት ማስረጃ ከየአደባባዩ ይወርዳል፤ የሚቀረው ጥቁር ሰው በጀርመን ታሪክ ውስጥ አገልጋይ ሆኖ ብቻ የታየ ይመስል የነበረው አሮጌ ተረት ነው። በርሊን ውስጥ የሆነውን ከዚህ ጋር እናስተያየው። በከተማዋ መሐል «የሙር መንገድ» የሚባል ጎዳና ነበር፤ በ2020 የወረዳው ምክር ቤት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሃሌ፣ በቪተንበርግና በየና ባስተማረው በጥቁሩ ፈላስፋ በአንቶን ቪልሄልም አሞ ስም እንዲጠራ ወሰነ፤ ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ በ2025 ተፈጸመ። እዚያ የተደረገው ስም አልባውን «ሙር» አንሥቶ ስም ያለው ሰው መተካት ነው። በኮቡርግ ግን ስም ያለው ሰው ከጥንት ጀምሮ በጋሻው ላይ አለ። የጎደለው ሰዎቹ በስሙ መጥራታቸው ነው፤ በአፍ ልማድ እስከ ዛሬ «የኮቡርግ ሙር» ይሉታል። ይህ አጠራር ሊቀር ይገባዋል፤ ስም ያለውን ቅዱስ በቆዳው ቀለም ብቻ መጥራት አይገባም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከታሪክ ሰዎች የሚመጣ ነው፦ ሞሪስ ከግብጽ ነውና ጥቁር ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ሰውየው ራሱስ ኖሯል? ለዚህ በከፊል መልሻለሁ። የከተማ ዓርማ የመታወቂያ ወረቀት ፎቶግራፍ አይደለም። ሮምን የሚወክሉት ተኩላዋና ሁለቱ ሕፃናት ስለ መኖራቸው ማንም ማስረጃ አይጠይቅም። ዓርማው የሚመሰክረው ያነገሡትን ሰዎች ምርጫ ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ምርጫ ደግሞ በማግደቡርግ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለራሳችን ልናገር። ይህን ታሪክ ስንሰማ «ሞሪስ የእኛ ነው» ለማለት አንደበታችን ይፈጥናል። ምክንያት አናጣም፦ በባቫሪያ የፍራይዚንግ ጳጳሳት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ዘውድ የደፋ ጥቁር ራስ በዓርማቸው ይዘዋል፤ በላቲን «የኢትዮጵያዊ ራስ» ይባላል፤ በ2005 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ ሲሾሙ ያንኑ ራስ በጵጵስና ጋሻቸው ላይ አስቀምጠውታል። ነገር ግን የዚያ ዘመን የላቲን ጸሐፊ በዚያ ስም ማንኛውንም ጥቁር ሰው ይጠራ ነበር፤ ስለ ሸዋ ወይም ስለ ላስታ የሚያስብ አልነበረም። ሞሪስም በገድሉ የላይኛው ግብጽ ሰው ነው፤ እንደ ልጃቸው የሚያከብሩት ኮፕቶች ናቸው። የማይገባንን ባንወስድ የሚገባን አይጎድልብንም። የሚገባን ደግሞ ጉዳዩን በቅርብ የመከታተል መብት ነው፤ ዛሬ በጀርመን ከተሞች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉና፤ ልጆቻቸው በአደባባይ የሚያዩት ጥቁር ፊት የማሾፊያ ይሁን የሰማዕት መሆኑ ይመለከታቸዋል።

ስለዚህ በጀርመን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህ ጽሑፍ በእጃችሁ ቢገባ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የኮቡርግ ክርክር እንደገና በተነሣ ቁጥር ይነሣልን ብላችሁ አትፈርሙ፤ ይቆይልን ብላችሁም አትፈርሙ። ለከተማው ምክር ቤት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በማንኛውም ይፋዊ ጽሑፍ ስሙ ቅዱስ ሞሪስ ተብሎ ይጻፍ፤ ሥዕሉ በማግደቡርግ ሐውልት አምሳል እንደገና ይሣል፤ የጥሩሩም ቆብ ይመለስለት። ካርታ፣ ማኅተምና ደብዳቤ በየጊዜው እንደገና ይታተማሉ፤ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኖቹም ባረጁ ቁጥር ይቀየራሉ፤ አዲሱ ሥዕል በአዲሶቹ ላይ ይግባ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ማግደቡርግ ሄዳችሁ ሐውልቱን በዓይናችሁ እዩ፤ ከበርሊን በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም።